ጥድ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የሐበሻውን ከፈረንጁ መለየት እንዴት እንደተማርኩ

ከአምስት ዓመት በፊት በሐምሌ የሰበካ ጉባኤያችን 300 የጥድ ችግኝ አስተከለ። ገዝቶ የማምጣቱ ኃላፊነት የእኔ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ፣ ሜዳው አልቆ ገደሉ ሊጀምር ሲል ያለች ናት። ቅጽሯን የከበቡት ጥዶች አያቶቻችን ልጆች ሳሉም ሽማግሌ ነበሩ ይባላል። ከእነሱ አራቱን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነፋስ ጣላቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ቆመው ደረቁ። ምትክ ሳይተካ እኛም እንዳናልፍ ብለን ተከልን። ክረምቱ ደግ ነበር፣ ችግኙም ያዘ፤ በሦስተኛው ዓመት ደረቴ ላይ ደርሶ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቀድሞው ገበዛችን፣ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ አባት፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቤ ቆሙ። ከችግኞቹ የአንዱን ቅጠል በመዳፋቸው ጨበጥ አድርገው ለቀቁት።

«ልጄ፣ ይኼ የኛ ጥድ አይደለም» አሉኝ።

«እንዴት አባቴ? ጥድ ብዬ እኮ ነው የገዛሁት።»

«የኛ ጥድ በልጅነቱ አይጨበጥም፣ ይወጋል። ደግሞስ በሦስት ዓመት እንዲህ የሚሮጥ ጥድ የት አይተሃል?»

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ምሳ አልበላ አለኝ። ሰው አምኖ በሰጠኝ ገንዘብ፣ ሰው በጉልበቱ ቆፍሮ፣ ሌላ ዛፍ አስተክያለሁ። ያታለለኝ ግን ማንም አልነበረም። ችግኝ ጣቢያው ሄጄ «ጥድ አላችሁ?» አልኩ፤ «አለ» አሉኝ። እነሱ ጥድ የሚሉት በየዓመቱ የሚያፈሉትን የፈረንጅ ጥድ ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ አፍ ላይ «ጥድ» ብቻውን ሲነገር የሐበሻው ነው፤ በችግኝ ጣቢያና በጣውላ መሸጫ ሲነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የፈረንጁ ሆኗል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ፦ ስትገዙ «ጥድ» አትበሉ፣ «የሐበሻ ጥድ» በሉ። አምኖ መቀበል ብቻ ግን አይበቃም፤ በዓይናችሁና በእጃችሁ አረጋግጡ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ለሁለት ዓመት ያገኘሁትን ጥድ ሁሉ እያገላበጥኩ ያየሁትን የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ሳይንሱ ሁለቱንም ኩፕሬሳሲኤ በሚባል አንድ ቤተሰብ ያስቀምጣቸዋል። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ ከ130 በላይ ዝርያ አለው፣ የአሜሪካዎቹ ግዙፍ የሴኮያ ዛፎች እንኳ የዚሁ ዘመድ ናቸው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በኢትዮጵያ በተፈጥሮ የሚበቅለው አንድ ብቻ ነው፦ የሐበሻ ጥድ፣ በሳይንስ ስሙ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ጋቲራ ይሉታል። «ፕሮሴራ» ማለት ቁመታም ማለት ነው፤ ሲመቸው 40 ሜትር ይደርሳል። ከዓረብ ተራሮች ተነሥቶ በእኛ ደጋ አልፎ እስከ ዚምባብዌ ይወርዳል፤ በዓለም ካሉት የጁኒፐረስ ዝርያዎች የምድር ወገብን በተፈጥሮው የተሻገረ እሱ ብቻ ነው። የፈረንጅ ጥድ ግን ኩፕሬሰስ ሉሲታኒካ ነው፤ አገሩ ሜክሲኮና ጓቲማላ። ስሙ «የፖርቱጋል» ማለት የሆነው በ1768 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የመዘገበው ሰው ዛፉን ያወቀው ፖርቱጋል ተተክሎ ከነበረው ስለሆነ ነው። የስም ስሕተት በእኛ ብቻ አልተጀመረም ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ መለያው። እኔ መጀመሪያ የተሳሳትኩት ቁመናውን በማመኔ ነው። ሁለቱም በወጣትነታቸው ከታች ሰፋ፣ ከላይ ሾጠጥ ያሉ ናቸው። ከመኪና መስኮት ሆኖ የሚለይ ሰው ካለ ብዙ ዓመት ደን ውስጥ የኖረ መሆን አለበት። ያረጀ የሐበሻ ጥድ አናቱ ተበታትኖ፣ ቅርንጫፉ ወዲያና ወዲህ ተዘርግቶ ስለሚታይ ይታወቃል፤ የፈረንጁ ደግሞ የቅርንጫፉ ጫፍ ብዙ ጊዜ ወደታች ዘንበል ይላል። ይህ ግን ግምት ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ቅርፊትም እንዲሁ፦ የሐበሻው ስስና ቀላ ያለ ሆኖ እንደ ልጥ በረጅሙ ይላጣል፣ የፈረንጁ ቁልቁል ይሰነጣጠቃል፤ በወጣት ዛፍ ላይ ግን ሁለቱን ቅርፊት ጎን ለጎን አስቀምጬ መለየት አቅቶኝ ያውቃል።

የማይዋሸው ፍሬው ነው።

የሐበሻ ጥድ ፍሬ ከአተር አይበልጥም፤ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ጥሬው አረንጓዴ፣ የበሰለው ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ሲሆን ላዩ ላይ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል፤ በአውራ ጣት ሲያሹት ዱቄቱ ይለቅና ያብረቀርቃል። በጥፍር ቢጫኑት ይፈርጣል፣ እጅ ላይ ሙጫ ሙጫ የሚል ሽታ ይተዋል። ውስጡ ከአንድ እስከ አራት የሚሆኑ ጠንካራ ዘሮች አሉ። ይህ ፍሬ አይሰነጠቅም፣ ዘሩንም ነፋስ አይወስደውም፤ ወፍ ውጦት ሌላ ቦታ ይጥለዋል። በአጥር ሥርና ወፍ በሚያርፍበት ድንጋይ አጠገብ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ጥድ የምታዩት ለዚህ ነው።

የፈረንጅ ጥድ ፍሬ ግን እንጨት ነው። ድቡልቡል፣ ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር፤ የድሮ የቆዳ ኳስ ከቁርጥራጭ እንደሚሰፋ እሱም ከ6 እስከ 8 ከሚሆኑ ጋሻዎች የተገጣጠመ ነው። እያንዳንዱ ጋሻ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀንድ አለችው። ጥሬው አመድማ አረንጓዴ ነው፣ በኋላ ቡናማ ይሆናል። ሲደርቅ መጋጠሚያው ላይ ይከፈትና ብዙ ደቃቅ ዘር ያፈሳል። በጥርስ እንኳ አይሰበርም። የረገፈውን ከዛፉ ሥር ሁልጊዜ ታገኛላችሁ፣ ስለዚህ ቀና ብላችሁ ስትፈልጉ አንገታችሁን አታድክሙ፤ መጀመሪያ መሬቱን እዩ።

ፍሬ ባይኖረውስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በዚህ የተነሣ ሁለት ጥሩ ዛፎች ሊቆረጡብን ነበር።

በቅጽራችን ከቆሙት አሮጌ ጥዶች ሁለቱ ፍሬ ይዘው አይተን አናውቅም። ሰዉ «መካን» ይላቸዋል። ዕቃ ቤቱን ለማደስ እንጨት ሲያስፈልግ ከሌሎቹ በፊት እነዚህ ይቆረጡ የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ለሁላችንም ተገቢ መስሎን ነበር። በኋላ ግን ዛፉን ስከታተል አንዱ ቅርንጫፍ ጫፎቹ ሁሉ ላይ ከስንዴ ቅንጣት ያነሱ፣ ቢጫ ቡናማ ነገሮች ይዞ አገኘሁት። ስነቀንቀው ቢጫ ብናኝ ነጠላዬ ላይ ቦነነ። ወንዴ ነው! የሐበሻ ጥድ በአብዛኛው ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ናት። ወንዱ ፍሬ አይሰጥም፤ እሱ ከሌለ ግን የሴቷ ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ባዶ ይሆናል። የፈረንጁ እንዲህ አይደለም፤ ወንዴውንም ሴቴውንም አንዱ ዛፍ ላይ ይይዛል። ስለዚህ ካደገ በኋላ ፍሬ የሌለው ጥድ ብታዩ «የሐበሻ አይደለም» አትበሉ፣ «መካን ነው» ብላችሁም አትፍረዱበት። ጎረቤቶቹን እዩ፣ የቅርንጫፉንም ጫፍ በቅርብ እዩ። የሁለቱን ዛፎች ነገር ገበዙ ዳግመኛ አይነሣ ብለው ዘጉት፤ ዛሬም ቆመዋል።

ቅጠሉ ብዙ ሰው ያሳስታል። የሐበሻ ጥድ ሁለት ዓይነት ቅጠል አለው። በልጅነቱ መርፌ መሰል፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ፣ በእውነት የሚወጋ ቅጠል ያወጣል። ሲያድግ ደግሞ እንደ ዓሣ ቅርፊት እርስ በርሱ ተደራርቦ በቀንበጡ ላይ ልጥፍ የሚል ደቃቅ ቅጠል ይሆናል። አንዱ ዛፍ ላይ ሁለቱንም ማግኘት የተለመደ ነው፤ ከታች የሚወጋው፣ ከላይ የለሰለሰው። በተለይ ፍየል እየጋጠው ያላደገ ጥድ ለዓመታት እሾሃም እንደሆነ ይቆያል። ጓሳ መንገድ ላይ እንዲህ ዓይነቱን ቁጥቋጦ አይቼ «ይኼ ምን የሚሉት ዛፍ ነው?» ብዬ አንድ እረኛ ልጅ ብጠይቀው፣ «ጥድ ነው እንጂ፣ ጋሼ፤ ከብት ነው ያስቀረው» አለኝ። ትክክል ነበር።

ያደጉትን ብቻ በቅጠል መለየት ከተገደዳችሁ፣ የፈረንጁን ቀንበጥ ከጫፉ ወደ ግንዱ አቅጣጫ በጣታችሁ ግፉት። የቅርፊት ቅጠሎቹ ጫፍ ትንሽ ገንጠል ስለሚል ይሻክራል። የሐበሻው ያደገ ቀንበጥ ጥብቅ ብሎ ስለሚተኛ ለስለስ ይላል። ይህን ሞክሩት፣ ግን ብቻውን አትመኑት።

ለሚገዛ ሰው ዋናው ነገር ችግኙ ነው፣ ችግኝ ደግሞ ፍሬ የለውም። የፈረንጁም ችግኝ ከዘሩ ሲወጣ የሚወጋ የሚመስል ለጋ ቅጠል አለው፤ ነገር ግን ቶሎ ይተወዋል። ስንዝር ሲያልፍ ጎኑ ያወጣቸው ቅርንጫፎች የቅርፊት ቅጠል ለብሰው፣ ለስለስ ያለ ላባ መስለው ይታያሉ። የሐበሻው በዚያ ቁመት ገና ሁለመናው መርፌ ነው። ገበዛችን «አይጨበጥም» ያሉት ይህንን ነው። ስለዚህ ስንዝር ካለፈ ችግኝ ፊት ቆማችሁ ሙሉ እጃችሁን አስገብታችሁ ጨብጡ። አንዱን ብቻ አይደለም፤ ከመደቡ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከመሐሉም። አንዳንዴ ሁለቱ ተቀላቅለው ይቆያሉና። ከጣት የማይበልጥ ገና ለጋ ችግኝ ከሆነ ግን አትግዙ፤ አንድ ወቅት ታገሡ፣ ወይም ዘሩ ከየት እንደተለቀመ የሚነግራችሁ ሰው ፈልጉ።

ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ በደብረ ብርሃን ግቢዎች ውስጥ ሁለት የቤተሰቡ አባላት አሉ። አንዱ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የሚቆመው፣ ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣው ኩፕሬሰስ ሴምፐርቪረንስ ነው፤ ፍሬው ከፈረንጁ ጥድ በእጥፍ ይበልጣል፣ ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር። ሌላው ለአጥርና ለአትክልት የሚተከለው፣ በቀድሞ ሳይንሳዊ ስሙ ቱያ የሚባለው የምሥራቅ እስያ ቁጥቋጦ ነው። ቅጠሉ እንደ መጽሐፍ ገጽ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደላይ ቆሞ ይደረደራል፤ ፍሬው ጋሻ ጋሻው ላይ ወደኋላ የቆለመመ ቀንድ አለው። እነዚህን ማንም በቀላሉ ይለያል።

ዘመድ ያልሆኑትም አሉ። ዝግባ የሚወጋም ቅርፊት መሰልም ቅጠል የለውም፤ ቅጠሉ ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ነው፣ ቤተሰቡም ሌላ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ «የሊባኖስ ዝግባ» ስንል የምናነበው ደግሞ የእኛው ዝግባ አይደለም፤ የሊባኖሱ በአገራችን ለእንጨት ከሚተከለው ባዕድ ዛፍ፣ ከእነ ፓቱላ ቤተሰብ ነው። ፓቱላን በረጅሙ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ በሚንጠለጠለው መርፌው ትለዩታላችሁ። ቆላው ላይ ያለው ሸውሸዌ ከሩቅ ጥድ ይመስላል፤ ቀንበጡን ብትጎትቱት ግን እንደ ሸንበቆ ከአንጓው ይለቃል። ወደ ጓሳ ስትወጡ የምታገኙት አስታ መርፌ መሰል ቅጠል ስላለው ያሳስታል፤ በወቅቱ ደቃቅ ነጭ አበባ ያብባል፣ ጥድ ደግሞ እንዲህ ያለ አበባ የለውም። እኔን ያሳሳተኝ ከሁሉ ይልቅ ይኼው አስታ ነው፤ ጉም ውስጥ ሆኜ ሙሉ ቁልቁለት ጥድ ነው ብዬ ተደስቼ ቀርቤ አስታ ሆኖ አገኘሁት።

ትክክለኛውን ጥድ ዓይናችሁ እንዲለምደው የምትፈልጉ አንኮበር አጠገብ ወዳለው ወፍ ዋሻ ደን ሂዱ። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመናገሻን ደን ያስተከሉት ከዚያ በተወሰደ የጥድ ዘር ነው ይባላል። ወፍ ዋሻ ውስጥ ጥዱን ከወይራው፣ ከዝግባውና ከኮሶው ጋር ስታዩት፣ ግቢ ውስጥ ከተተከለው ጋር አንድ ዛፍ መሆኑን ለማመን ይከብዳል። ግንዱን ሁለት ሰው ሆነን አቅፈን ያልገጠምንለት አለ። እዚያ ቆሜ ነው ለሦስት ሰዓት ያህል ፍሬ ስለቅም፣ ወንድና ሴቷን ስለይ የዋልኩት። አንድ ቀን እዚያ መዋል ከብዙ ሥዕል ይሻላል።

ጣውላም ለምትገዙ አንድ ቃል። የሐበሻ ጥድ ልቡ ቀይ ቡናማ ነው፣ ዳሩ ነጣ ይላል፤ ሲላግ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ኬንያ ውስጥ ይኸው ዛፍ ለእርሳስ መሥሪያ ሲቆረጥ የኖረ ነው። ምስጥ አይደፍረውም፤ ለአጥር ቋሚ ሽማግሌዎች የሚመርጡት ለዚህ ነው። የፈረንጁ ፈዘዝ ያለ ቢጫማ ነው። ይህን መለየት የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን በስማቸው ጠቅሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። አዋጆቹ ከዚያ ወዲህ ተለዋውጠዋል፣ ግን አንድን ጥድ ለመቁረጥ ከማሰባችሁ በፊት የትኛው ጥድ እንደሆነ ማወቅና ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ግዴታችሁ ነው።

እኛ በመጨረሻ ከራሳችን ዛፎች ዘር ለቀምን። ጥቁር ሰማያዊ የሆነውን ብቻ ከዛፉ ወስደን፣ በውሃ ውስጥ አሽተን፣ ሥጋውን አስለቀቅን። የተንሳፈፈውን ዘር ደፋነው፤ ባዶ ነው። የሰጠመውን ጥላ ላይ አድርቀን በአሸዋ በተቀላቀለ አፈር ዘራነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፦ አንዳንዱ ከወር በኋላ ብቅ አለ፣ አንዳንዱ እስከ ሦስተኛው ወር ቆየ፣ ብዙው ጨርሶ አልወጣም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ውርጭ ለመከላከል ማታ ማታ ሣር እናለብሰዋለን፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ እናነሣለታለን። ይህን የሚሠሩት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው፣ ተራ አውጥተውለታል።

300ዎቹን የፈረንጅ ጥዶች አልነቀልናቸውም። በቅጽሩ ውጭ በኩል ያሉት ለነፋስ መከለያ ይቆያሉ፣ በኋላም ለዕቃ ቤቱ ወራጅና ማገር ይሆናሉ፤ አሮጌዎቹን እንዳንነካ ያስችሉናል። ውስጠኛው ቦታ ግን ለሐበሻው ተለቋል። ባለፈው ሐምሌ 61 ችግኝ፣ አራቱ በወደቁበት በምሥራቁ በኩል ተክለናል። ዛሬ ከጉልበቴ አይደርሱም፣ ቅጠላቸው ግን እጅ አያስቀርብም። ስንቱ ወንድ፣ ስንቱ ሴት እንደሆነ ገና አይታወቅም፤ ፍሬ የሚይዙበት ዓመት ሲደርስ የሚያየው ያያል።